መሪው ይጫወታል

ትናንት ገዳሪፍ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ መኪናዬን ፈትሾ «እህቴ፣ መሪው ይጫወታል» ሲለኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አባቴ ከአሮጌው ፒካፕ ሥር ተኝቶ «አዙሪው፣ የኔ ልጅ! ግራ! ቀኝ!» አለኝ። ፀሐይ ያጋለውን መሪ በሁለት እጄ ሳዞረው ከሥር ተንኳኳ።

«ቴስቲናው አልቋል» አለና መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን መጋጠሚያ በላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው።

እናቴ ከደጅ ሆና «ተሠራ?» አለችው።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ትንሽ ይጫወታል እንጂ ባሱንዳ ደርሶ ይመለሳል።»

እኔ ላልቷል ማለቱ መሆኑን ሳላውቅ የእውነት ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም እኔን አይቶ ሳቀና ፒካፑን አስነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የተጨፈለቀውን ፒካፕ ትራክተር ጎትቶ አመጣው። አባቴን ግን ሰዎች አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ተሸክመው አመጡት።

«ማሌሽ፣ ሾዋክ ያደርስሻል» አለኝ መካኒኩ፣ የመኪናዬን ቁልፍ እየዘረጋልኝ። እጁ ላይ ትቼለት በእግሬ ሄድኩ።