ሳላውቅ የተሻገርኩት ድልድይ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። እዚህ ፌስቡክ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ይህንንም ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ሳላውቅ ጀርመን አገር ገባሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር እዚሁ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወዳለው ዩራ ፓርክ ሄደን ነበር። ከእግር ጉዞው በኋላ ራይን ወንዝ ዳር ያለችውን አሮጌ ከተማ፣ ላውፈንቡርግን ለማየት ወረድን። ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ማዶም ላውፈንቡርግ የምትባል ከተማ አለች። አንድ ከተማ መስላኝ ከጓደኛዬ ከሜሮን ጋር አይስክሬም ልገዛ ተሻገርኩ።

ከገዛን በኋላ ሜሮን ስልኳን አይታ "እንኳን ወደ ጀርመን በደህና መጣሽ ይለኛል" ብላ ሳቀች።

እሷ የስዊዘርላንድ ዜጋ ናት። እኔ ያለኝ ኤፍ አውስዋይስ የሚባለው ጊዜያዊ የስደተኛ መታወቂያ ነው፤ በዚህ ወረቀት ያለ ፈቃድ ከስዊዘርላንድ አይወጣም። እናቴ ቢ ወደሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ እንዲቀየርልን ያመለከተችው ገና ባለፈው ወር ነው። ብያዝ የእሷም ልፋት በእኔ ምክንያት ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ወደ ሜሮን ተጠጋሁ።

"ሜሪዬ፣ እጄን ያዢኝ።"

"አይስክሬምሽን ላሺ፣ እየፈሰሰብሽ ነው። ቱሪስት ምሰይ።"

ላስኩ። ጣዕሙ ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም። አንደኛው ፖሊስ ሰላም አለን፤ አለፍን።

ቤት ስገባ እናቴ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ጥሩ" አልኳት።

እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን። እናቴ ፌስቡክ የላትም፤ ግን ይህን ካነበባችሁት ብዙዎቻችሁ ነገ ቤተ ክርስቲያን ታገኟታላችሁ። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳንወጣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።