የአባባ ኩፖን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ በሰፈሬ በቁጠባዬ የምታወቅ ሴት ነኝ። ስኳርና ዘይት በኩፖን ሲታደል የቤታችንን ኩፖኖች በብስኩት ቆርቆሮ በየተራቸው ደርድሬ የማስቀምጥ፣ ሸማቾች ሱቅ ዘይት ሊገባ መሆኑን ከጎረቤት ሁሉ ቀድሜ የምሰማ እኔ ነበርኩ። ከኩፖኖቹ አንዱ የአማቴ ነበር። አባባ ጓሯችን ካለችው ክፍል ቀበሌ ለብቻቸው ተመዝግበው ይኖሩ ነበር። በስተርጅና መንኩሰው ዲማ ገዳም ሲገቡ «ለልጆቹ ይሁን» ብለው ኩፖናቸውን ተዉልኝ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ አንድ ዲያቆን ከዲማ መጣ። ባሌ ሥራ ሄዶ ነበር።

«እትዬ፣ አባ አርፈዋል። ቀብረናቸዋል» አለኝ።

አለቀስኩ። እውነቴን ነው ያለቀስኩት። እንባዬን ሳልጠርግ ግን ኩፖኑ ትዝ አለኝ። የሟች ኩፖን ለቀበሌ ይመለሳል፤ ለፋሲካ ደግሞ ዘይት ሊመጣ ነው። በልቅሶ መሃል እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣባት ምን ዓይነት ሴት ናት?

«ባለቤቴን ጨጓራው እያሠቃየው ነው። ሲሻለው እኔው አረዳዋለሁ» አልኩት። መርዶን ለታመመ ሰው ማዘግየት የተለመደ ነውና አመነኝ። ጨጓራው እውነት ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ለጨጓራው አልነበረም።

ስኳሩ መጣ፣ ወሰድኩ። ዘይቱ መጣ፣ ወሰድኩ። በሟቹ ዘይት የጾም ወጥ ሠራሁ፤ ልጃቸው «ጣት ያስቆረጥማል» እያለ በላ። የአባቱ አርባ እሱ ሳይቆምበት አለፈ። እኔ አሳለፍኩበት።

የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም። በዚያው ሰሞን ባሌ ለአባቱ የሱፍ ቆብ ገዛ። «ሌሊት ማኅሌት ሲቆሙ ይበርዳቸዋል፤ ዲማ የሚሄድ ሰው ስታገኚ ላኪላቸው» ብሎ ሰጠኝ። ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሸጎጥኩት።

ሰንብቶ «አባባ ወደዱት?» አለኝ።

«መረቁህ» አልኩት። ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ምን ብለው?» ፊቱ በራ።

«እጅህ አይንጠፍ፤ ልጆችህ እንዳንተ ይጡሩህ ብለው።»

«አሜን» አለ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

ፋሲካ አልፎ ዘይቱ ታድሎ ሲያልቅ አረዳሁት። መቼ እንደሞቱም ነገርኩት፤ ቆቡንም አውጥቼ ሰጠሁት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ ምናለ? እሱ ግን በለቀስተኛው ፊት እጄን ይዞ «ለእኔ ሕመም ብላ ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸከመች» አለ። ሴቶቹ አለቀሱልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ዛሬም ብርድ ሲሆን ያንን ቆብ ያደርጋል። «ምርቃቱም ያንቺ ነው፤ አሜን ብያለሁ» ይለኛል ፈገግ ብሎ። እውነቱን ብነግረው ይቅር ይለኝ ይሆናል። ቆቡን ሲያወልቀው ለማየት ግን አቅም የለኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ችግር ነው፣ ልጆች ናቸው፣ ኑሮ ነው አልልም። እሱ «ለእኔ ብላ ነው» ይላል። ለዘይት ነበር።