ጨለማው ስክሪን ሲበራ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አልበራ ያለኝ ስክሪን ቦግ ሲል ጮህኩ!

በኢንተርኔት እንጂ በአካል የማላውቀው የባሕር ማዶ ሰው፣ ኮምፒውተር ስክሪኑን የሚያዝበትን የሊኑክስ (የነፃው የኮምፒውተር ሥርዓት) ድራይቨር ጽፎ "እስኪ መርምሪልኝ" ብሎኝ ነበር።

ኮዱን መስመር በመስመር ሳነብ ችግሩን አገኘሁት። ድራይቨሩ ስክሪኑን "ንቃ" ብሎ ካዘዘው በኋላ እስኪነቃ እንኳ አይጠብቀውም፤ ሌላ ትእዛዝ ያዘንብበታል። ጥቂት እንዲታገሠው አደረግኩና በራ። (መብራት እንዳይጠፋ እየተሳልኩ ነው ታዲያ!)

ጻፍኩለት። "ልክ ነሽ። ከኮዱ ጋር ስምሽም ይገባል" ሲል መለሰልኝ።

የእኔ ስም፣ ዓለም በሚጠቀምበት ሊኑክስ ውስጥ! እስካሁን አላመንኩም።

ለእናቴ ነገርኳት። "በይ የአባትሽንም ስም አብረሽ አስገቢ" አለችኝ። አስገብቻለሁ።

እናንተስ፣ ፊቱን ያላያችሁት ሰው እንዲህ አስገርሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።