ሸዋረግ ተማሪዋን በላች የተባለ ጊዜ

አክስቴ ሸዋረግ ባሩክ በጣሊያን ዘመን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ሰው ይህን ስነግረው የምቀልድ ይመስለዋል። የወለቃ ሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ያውም ቤተ እስራኤል፣ ለአርማጭሆ አርበኛ እንግሊዝኛ? አዎ፣ እንግሊዝኛ። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ኋላ ግን የሆነውን ጉድ ከራሷ አፍ ስሰማ፣ ማስተማሯ ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ሆኖ አገኘሁት።

ሸዋረግ በልጅነቷ ጎንደር ከአንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ቤት ገብታ አደገች። ልብስ አጠበች፣ ልጅ አዘለች፣ እግረ መንገዷን ቋንቋቸውን ለቀመች። ጣሊያን ሲገባ እንግሊዞቹ ተባረሩ፤ እሷም ወለቃ ወደ እናቷ ተመልሳ ጭቃ ማቡካት ያዘች። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግሊዝና ጣሊያን ተጣሉና፣ እንግሊዝ በሱዳን በኩል ለአርበኛው መሣሪያ ሊልክ ነው የሚል ወሬ አርማጭሆን ሞላው። የትክል ድንጋዩ የጦር አለቃ ግራዝማች አድማሴ ወሬው ደስ ቢላቸውም አንድ ነገር አስጨነቃቸው። ሰዎቻቸው ጠረፍ ሲደርሱ ምን ብለው ሊናገሩ ነው? ቀድመው የሄዱት የጣሊያን ባንዳ መስለው ተተኩሶባቸዋል። ስለዚህ ገንቦ ገዢ መስሎ የሚሄድ ሰው ወለቃ ላኩና ሸዋረግን አስመጧት።

ትምህርቱ ከትክል ድንጋይ ወጣ ብሎ ከአንድ ዋንዛ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ ጎበዞች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። እሷ ቃሉን ትሰጣለች፣ እነሱ እንደ ዳዊት እያዜሙ ይቀበላሉ። «ዶንት ሹት! ዊ አር ፍሬንድስ!» አትተኩሱ፣ ወዳጆች ነን ማለት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነበር።

ችግሩ አስተማሪዋ ላይ ነው። የኔታ እንዳይሏት ሴት ናት። ከዚያም በላይ ሸክላ ሠሪ በዚያ አገር ቡዳ ናት፤ ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል። መትረየስ የማይፈሩት ጀግኖች ከእሷ ፊት ሲቀመጡ አፍና አፍንጫቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። «በጋቢ ውስጥ እንግሊዝኛ አይወጣም፤ ግለጡ!» ብላ ትቆጣቸዋለች። ስንቃቸውንም የሚበሉት ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነው። እውነቱን ለመናገር እሷም አትነካቸውም፤ በሥርዓቷ ክርስቲያን ከነካት ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ እህል አትቀምስም። እንዲህ እየተፈራሩ ክረምቱን አብረው ከረሙ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ደካማው ክንዱ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ተኩሶ አይስትም፤ እንግሊዝኛ ግን ከአፉ አልወጣ አለ። «ዶንት» ብሎ ይጀምርና ላብ ያጠምቀዋል። ቢሆንም ሸዋረግ ትወደዋለች። ሌሎቹ ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከሁሉ ቀድሞ ጋቢውን ከአፉ ያወረደውም እሱ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት ግን ጉዱ ለጥቅምት ተረፈ። ግራዝማች ክንዱን ጥይት እንዲያመጣ ወደ ሳንጃ ቆላ ሰደዱት። ሲመለስ ንዳድ፣ የቆላው ወባ፣ ይዞት መጣ። ንዳድ መሆኑን ማንም አላጣውም፤ እናቱ ይመኙሽ ራሷ «ቆላ ወርዶ ንዳድ ሸምቶ መጣ» ስትል ነበር። ታዲያ ትኩሳቱ ሲበረታ ክንዱ መቃዠት ጀመረ። የቃዠው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

ክረምቱን ሙሉ አንዲት ቃል ያልወጣው ሰው «ዶንት ሹት! ዊ አር ፍሬንድስ!» እያለ ጎጆውን አናጋው። ንዳዱ ወዲያው ተረሳ! በዚያ አገር ቡዳ የበላው ሰው ጭስ ሲያጥኑት ይለፈልፋል፤ የበላው ቡዳ በበሽተኛው አፍ ማንነቱን ይናገራል ይላሉ። ክንዱ ግን ሳይታጠን ለፈለፈ። በአገሩ ደግሞ ያን ቋንቋ የምታውቅ ሴት አንድ ናት።

ሸዋረግን እየገፉ አመጧት። ጎጆው በሰው ተጨናንቋል፤ ቡዳ ለማስለቀቅ የተጠራ ደብተራ ጭሱን ያጨሳል፤ ይመኙሽ ፀጉሯን እየነጨች ታለቅሳለች።

«ምነው ልጄን በላሽብኝ? ምነው? ምን አደረገሽ?»

የክንዱ ወንድም አለነ ጠመንጃውን አቀባብሎ ቆሟል። «እንትፍ በይበትና ልቀቂው። ያለዚያ እሱም አይተርፍ፣ አንቺም አትተርፊ» አላት። ቡዳ በበላው ሰው ላይ ሲተፋ ይለቀዋል ነው ሥርዓቱ።

ሸዋረግ ክው ብላ ቀረች። «ግን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ጠመንጃው አይደለም» አለችኝ። «ክንዱ አንዲት ቃል አልሳተም! በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ራሱ አስደነገጠኝ።» ሳታስበው ጠጋ ብላ ምን ትፈልጋለህ ልትለው «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» አለችው። ክንዱም ዓይኑን ሳይገልጥ «ዋተር» አለ።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። «ስሙ እንግዲህ! ከራሷ ጋር ተነጋገረች!»

«ውሃ ነው ያለው! ጠምቶት ነው! ንዳድ ነው እኮ፣ ውሃ ስጡት!» ብትል ማን ይስማት። እውነቱን በተናገረች ቁጥር ነገሩ ባሰ። አልተፋም ብትል አለነ ይተኩሳል። ተፍታ ብትወጣም ንዳድ ዛሬ ቢለቅ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ክንዱ ይሞታል፣ እሷም አትተርፍም። ንዳድ በኪኒን እንደሚድን ሚሲዮናዊው ቤት አይታለች። ግራዝማች አድማሴ ደግሞ ከጣሊያን የማረኩትን አንድ ጠርሙስ ኪኒን ለክፉ ቀን ብለው ለራሳቸው ይዘዋል፤ ይህን አገር ያውቃል።

ደብተራው በሽተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ በውስጡ አለ የሚለውን ቡዳ ይጠይቃል። «ምን ብንሰጥህ ትለቃለህ? ተናገር!»

ዕድሜዋን ሙሉ ቡዳ አይደለሁም ስትል የኖረች ሴት፣ እናቷም አያቷም ይህንኑ ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ለደብተራው መልስ ሰጠች።

«የበላሁት እኔ ነኝ። መልቀቂያዬ ግራዝማች ዘንድ ያለው የጣሊያን ኪኒን ነው። እኔ በምነግራችሁ ልክ በየቀኑ ካልዋጠ አልለቀውም! ውሃም ይጠጣ!»

ከበሩ ቆመው የነበሩት ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። ለክንዱ አዝነው ቢሆን ቀድሞውንም በሰጡት ነበር፤ ቡዳ ፈርተው ግን ጠርሙሱን አስመጡ። ሸዋረግ ክንዱ የመጀመሪያውን ሲውጥ ቆማ አየችና እንትፍ አለችበት። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ክንዱ ዳነ። መራመድ እንደ ቻለ አንድ ጠቦት እየጎተተ ወደ ጎጆዋ መጣ።

«ስለማርሽኝ ነው» አላት።

ሸዋረግ ደነገጠች። ሌላው ሰው የፈለገውን ቢል፣ ክንዱ እውነቱን ያውቃል እያለች ነበር የምትጽናናው። «ክንዱ፣ ታመህ የተናገርከው እኮ የራስህን ትምህርት ነው። ያወቅኸው አንተ ነህ» አለችው።

«ኧረ ምን በወጣኝ! በኔ አፍ የተናገርሽው አንቺ ነሽ እንጂ፤ እኔማ መች አውቄ!» አለና ጠቦቱን ከበሩ አስሮላት ሄደ። ቂም እንኳ አልያዘባትም።

በማግስቱ ወደ ወለቃ ልትመለስ ጓዟን ስትሸክፍ ግራዝማች አድማሴ ብቻቸውን መጡ። ሊገድሏት የመጡ መሰላት። እሳቸው ግን ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግሊዞቹ ጠረፉን አልፈዋል ይላሉ። አንቺም ክረምቱን ሙሉ አስተማርሽ፤ ልጆቹ ግን እስካሁን እንደ ሕፃን ይንተባተባሉ። ክንዱን ግን በበላሽው ጊዜ ቁርጥ ፈረንጅ ሆኖ ተናገረ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ሁለት ሰው ብዪልኝ። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱን እንኳ ቀስ ብለሽ።»