«እሺ» ያለው ሰው

የወሰዱኝ ከመሥሪያ ቤቴ ነው፤ አሶሳ፣ ከምሳ በፊት፣ ቃለ ጉባኤ እያረምሁ ሳለ። በአንድ ስብሰባ ላይ ተናገርሃቸው ስለተባሉ ቃላት እንደምጠየቅ ነገሩኝ። ብዕሬን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ተከተልኋቸው። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። የቆርቆሮ ጣሪያው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ ማዳበሪያው ከተነሣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ነበሩበት፤ ከአገራቸው ወጥተው ባምባሲ አቅራቢያ በአንድ ከብት ማድለቢያ የተቀጠሩ። አንዱ አጭርና ቀጭን፣ የፓዌ ሰፋሪ ልጅ ነው። ሌላው ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ የመተከል ጉሙዝ። በግጦሽ ላይ ሳሉ ታጣቂዎች በሬዎች ወስደውባቸዋል፤ «ወዳችሁ ነው የሰጣችሁት» ተብለው ታሰሩ። ጊዜው ሰፋሪውና ጉሙዙ እርስ በርስ የሚፈራሩበት ነበርና፣ አንድ ሳህን ላይ ሲበሉ ጠባቂዎቹ በበሩ ቀዳዳ ቆመው ያዩአቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጭሩ ወደ እኔ ተጠጋ። «ጋሼ፣ እርስዎ የቢሮ ሰው ነዎት። ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ ያስተማርሁት አንድ ቃል ሊያስጨርሰው ነው።»

«ምን ቃል?»

«እሺ።»

ረጅሙ ሰው አማርኛ የለመደው በማድለቢያው ነው። አለቃ በተቆጣ ቁጥር «ዝም ብለህ እሺ በል» እያለ ያስለመደው ጓደኛው ነበር፤ በዚህች ቃል ከብዙ ዱላ አድኖታል። አሁን ግን መርማሪው «ሰጥተሃል?» ሲለው «እሺ» ካለ፣ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው «አምኗል» የሚል ነው።

ስለዚህ መርማሪ ሆንሁ። ወገቤን አቅንቼ የቢሮ ድምፄን አወጣሁ።

«በሬዎቹን ለታጣቂ ሰጥተሃል?»

«እሺ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አልሰጠሁም በል» አለ አጭሩ።

«አንተ ነው እሺ በል ያለኝ።»

«እሱ ለአለቃ ነው።»

ረጅሙ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይሄስ አለቃ አይደለም?»

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ክፍል ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጣሪያው እስኪበርድ ደጋገምነው። በመጨረሻ «አልሰጠሁም» የሚለው ቃል ሳይደናቀፍ ከአፉ ወጣ።

«አሁን ዋናውን ይጠይቁልኝ» አለ አጭሩ። «ያን ቀን አብረኸው ነበርህ ወይ ይበሉት። እኔ ብቻዬን ነበርሁ ብዬ ፈርሜአለሁ። አልነበርሁም ካለ ይለቁታል።»

ጠየቅሁት። ረጅሙ ሰው መሬት መሬቱን አየ።

«አልነበርሁም በል» አለው ጓደኛው።

ረጅሙ ሰው መሬቱን በጣቱ መጫር ጀመረ።

«ወንድምዬ፣ ስለ ፈጣሪ። አንዳችን እንኳ እንውጣ። አልነበርሁም በል።»

«እሺ» አለ ረጅሙ ሰው፣ ከመሬቱ ቀና ሳይል።

አጭሩ በረጅሙ ተንፍሶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። እኔም ሥራዬን በሚገባ የፈጸምሁ መሰለኝ።

በማግስቱ መርማሪው ጠረጴዛውን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አስወጣ። በራችን ተከፍቶ ስለነበር ሁሉንም እንሰማለን። ረጅሙ ሰው ሁለት ጊዜ «አልሰጠሁም» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። መርማሪው ወደ በራችን ጠቆመ።

«ያን ቀን ከዚያ ሰውዬ ጋር ነበርህ? ካልነበርህ ዛሬ ትሄዳለህ።»

ረጅሙ ሰው ከተቀመጠበት ተነሣ። ተነሣ ያለው አልነበረም።

«አዎ» አለ። «አብረን ነው። ሁልጊዜ አብረን ነው።»

«አዎ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አጠገቤ አጭሩ ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ። «እሺ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሁለት ሰዎች፣ መርማሪው እንዳይሳሳት ስንደክም ውለን የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ረጅሙ ሰው በ«እሺ» ሰምቻችኋለሁ ማለቱ ነበር እንጂ አልተስማማም።

ከቀትር በኋላ ሁለቱንም በአንድ መኪና ወሰዷቸው። ረጅሙ ቀድሞ ወጣና ለጓደኛው እጁን ዘረጋለት። ወዴት እንደሄዱ አልተነገረኝም። እኔ ከተፈታሁ በኋላ በቃልም በጽሑፍም ጠይቄአለሁ፤ መልስ አላገኘሁም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። በአገልግሎት ዘመኔ በየወረዳው ዞሬ፣ በቤታቸው አማርኛ የማይናገሩ ሰዎችን ስለ መሬታቸውና ስለ መንደራቸው ጠይቄአለሁ። ቃለ ጉባኤዎቼ በጥራታቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ይህን ስል አላፍርም። «ነዋሪዎቹ ተስማምተዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት ግን አላውቅም። ከእስር ወዲህ ፊታቸው ይመጣብኛል። በረንዳዬ ላይ ጋዜጣ ይዤ በተቀመጥሁበት፣ ከፊት ለፊቴ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እንደገና እንድጠይቃቸው የሚጠብቁ ይመስለኛል።