ውጤት እስኪመጣ

የማጠናው ፍየል ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ቀንድ የሌለው ፍየል አይዋጋም ብለው የሚመርጡ አርቢዎች አሉ። አባትም እናትም ቀንድ አልባ ሲሆኑ ግን አንዳንዴ ጉድ ይወለዳል፤ ደሙ ሲመረመር ሴት፣ ሲያዩት ወንድ የሚመስል፣ የማይወልድ፣ የማያስወልድ። እንዲህ የሚያደርገውን ዘረ መል ስከታተል ዩኒቨርሲቲ እያስተማርኩ ሮቤ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ፍየሎቹን የሚያፈላልግልኝ አንድ የከብት ነጋዴ ነበር። ቀልደኛ ነው። «ዶክተር፣ እርስዎ እኮ የፍየል ቃዲ ነዎት» ይለኛል፤ ይህ ሴት ነው፣ ያ ወንድ ነው እያልኩ ስለምፈርድ።

አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ ቢሮዬ መጣ። ሚስቱ ከኋላው የስድስት ቀን ሕፃን ታቅፋለች። በሩን ራሱ ዘጋው።

«ነገ አቂቃ ነው» አለኝ። በነሱ ዘንድ በሰባተኛው ቀን ለሕፃን ስም ይወጣል፣ በግ ይታረዳል፤ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። «ሁለት በግ ገዝቼ አስሬያለሁ። ስንቱን ልረድ?»

ሚስቱ ጨርቁን ገለጠችው። አየሁ፤ ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ለማለት ያስቸግራል። ሲወለድ ወንድ ነው ተብሎ እልል ተብሎለት ነበር። አሁን ጎረቤት ፍናፍንት ማለት ጀምሯል። «ወላሂ፣ ልጄ መሳቂያ ከሚሆን…» አለ።

አሳዘነኝ። ግን ምን ይደበቃል፣ ደስም ብሎኛል። ስንት ዓመት በፍየል ያየሁትን በሰው አየሁት። እጄ እየተጣደፈ ከተረከዙ ደም ወሰድኩና አዲስ አበባ ላለ ባልደረባዬ ላክሁ።

«ውጤት እስኪመጣ ታገሡ። ስምም አታውጡ፤ ኋላ ከመቀየር ይሻላል» አልኳቸው።

ሲወጡ እናትየዋ በሩ ላይ ቆም አለች። «ጡት በያዘ ቁጥር ይተፋል፣ ዶክተር። ለምንድን ነው?»

«የማይተፋ ሕፃን አለ እንዴ!» አልኳት። «ካጠባሽው በኋላ ጀርባውን መታ መታ አድርጊው።»

ነጋዴው ሼሁን አስፈቅዶ አቂቃውን አራዘመ። በየሁለት ቀኑ እየደወለ «መጣ?» ይለኛል፤ እኔም «ገና ነው» እለዋለሁ። ስለ ሕፃኑ ጤና አልጠየቅሁትም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሲደውል ግን ያንን አልጠየቀኝም። ሕፃኑ ጡት መሳብ አቅቶት በባጃጅ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ እናቱ ዕቅፍ ውስጥ ሞቷል።

ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ትምህርት አለ፤ ክሮሞዞሟ የሴት ሆኖ ወንድ መስላ የምትወለድ ሕፃን ሰውነቷ ጨው መያዝ ሊያቅተው ይችላል። ትተፋለች፣ ትደርቃለች፣ ካልታከመች በሳምንታት ውስጥ ትሞታለች። ይህን በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ! የሳተውን ተማሪ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ምን ነካኝ? እናቱ በአፏ ነግራኝ አልነበር?

ውጤቱ ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን መጣ። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ለቅሶ ደራሹ ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ሴት ናት» አልኳቸው።

እሱ ወረቀቱን ተቀበለኝ እንጂ አላነበበውም። «ያለ ስም ቀበርናት» አለ።

«እኔ የጠየቅሁዎት ለምን እንደምትተፋ ነበር» አለች እሷ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በሽታውን፣ እንደማውቀው፣ እንደማስተምረው። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «የአላህ ቀደር ነው» አለ። እሷ አላጽናናችኝም፤ ደግሞስ ለምን ታጽናናኛለች?

«ሌላ ብወልድስ?» አለች።

«ሊደገም ይችላል።»

«መድኃኒት አለው?»

«አለው። ኪኒን ነው፤ በየቀኑ የሚሰጥ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጎባ ይገኛል?»

ክሮሞዞም የት እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚቆጥረው፣ ደሙ በምን እንደሚላክ አውቅ ነበር። ኪኒኑ የት እንደሚገኝ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት።