አንገቱ ላይ ያለው ሲባጎ

ሚዛን ተፈሪ እንጨት ተራ ያየሁት ሰውዬ በዝናብ ጣውላ ይመርጥ ነበር። ቦቲ ጫማው እስከ አፉ ጭቃ ነው። ሸሚዙ ዝንጉርጉር ሮዝ ነው፤ ማንም አስቦበት የሚገዛው ዓይነት አይደለም። አንገቱ ላይ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ሲባጎ አንጠልጥሏል።

እንጨት ሻጯ እትዬ እማዋይሽ ሲባጎውን አዩና፣ «አንተ፣ ጴንጤ አልነበርክ እንዴ? ማተብ አሰርክ?» አሉት።

«አሁንም ጴንጤ ነኝ እትዬ። ይሄ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ልክ ነው። ኪሴ ስከተው እየጠፋብኝ ነው አንገቴ ላይ ያሰርኩት። ፓስተራችንም አይተው ደንግጠዋል።»

ማሽኑ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ሊሠራ ነው። የመጀመሪያውን በስስ ጣውላ ሠርቶት ኖሮ፣ ማሽኑ ልብስ መጭመቅ ሲጀምር መደርደሪያው አብሮት እየጨፈረ እስከ በሩ ሄደ። «ከሠራሁት ነገር ሁሉ ርቆ የሄደው እሱ ነው» ብሎ ከሁላችንም ቀድሞ ሳቀ። አሁን የሚያነሳው ወፍራም ዋንዛ ብቻ ነው። እያንዳንዱን በሁለት ድንጋይ ላይ ያጋድምና ወጥቶ ይዘልበታል።

ሲባጎውን አውልቆ መለካት ጀመረ። አንዱ ቋጠሮ የማሽኑ ወርድ ነው፣ ሌላው የጎኑ።

«ሦስተኛውስ?» አልኩት።

«የመደርደሪያው ከፍታ ነው። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የማሽኑ በር ላይ እንድትደርስ።»

ሲባጎውን አንገቱ ላይ መለሰና የሸሚዙን ኮሌታ ጎተት አድርጎ አሳየኝ።

«ከታመመች ወዲህ የማጥበው እኔ ነኝ። ይሄ የሰርጌ ሸሚዝ ነው። ነጭ ነበር።»